አስቸኳይ! ቡቺ አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017፣ ሌሊት 10፡20

የቡቺ እናት፦ የምታውቁ ቶሎ በሉ! አሁንም የመሬት መንቀጥቀጡ ነቀነቀን። ያለሁት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ጎረቤት ሁሉ ጋቢውን ደርቦ ወርዷል። ቡቺ አልጋ ሥር ገብቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ብጮህ ብጠራው እምቢ። በአንገት ማሰሪያው ስጎትተው እጄን ነከስ አደረገኝ። ትቼው ልውረድ?

ጋሽ ምክሩ፦ ሁሌም እላለሁ፣ የውሻ ቦታው ግቢ ነው። በእኛ ጊዜ ውሻ በር ላይ አድሮ ሌባ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ አልጋ ላይ አስተኝታችሁት...

ቅመም፦ ጋሼ፣ አልጋ ላይ ሳይሆን አልጋ ሥር ነው ያለው 😂 እህቴ፣ ሥጋ አሳዪው።

ሰባተኛ ፎቅ፦ ቆይ፣ እየነቀነቀ ለምን ትወርጃለሽ? ደረጃ ላይ ሲራወጡ ነው ሰው የሚሰበረው። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቢ፣ ጭንቅላትሽን ሸፍኚ፣ እስኪያቆም የጠረጴዛውን እግር ያዥ። ቡቺ ካንቺ በልጧል።

የቡቺ እናት፦ አሁንማ ቆሟል! ግን ይመለሳል እያሉ ነው። ፈንታሌ ተራራ በኩል ነው አሉ፣ የመንቀጥቀጡ መጠን 5.8።

ማሚ፦ ሥጋ አሳዪው።

ቬት ከቢሾፍቱ፦ እጅሽ ደምቷል ወይ? ቢጫርም እንኳ አሁኑኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም። የቡቺን የክትባት ካርድም ያዢ።

ውሻውን አትጎትቺ። የፈራ ውሻ ሲጎተት ይነክሳል፣ ክፋት አይደለም። ወለሉ ላይ ጎንሽን ሰጥተሽው ተቀመጪ፣ ትኩር ብለሽ አትዪው። የምግብ ሳህኑን ኳ ኳ አድርጊና ራት ስትሰጪው በምትጠሪበት ድምፅ ጥሪው። ስትጮኺ እሱም «አለቀልን» ነው የሚለው።

ሲረጋጋ ደግሞ ድምፅ ሲሰማ ሳይፈራ ወደ በሩ እንዲመጣ አለማምጂው። ስልክሽ ላይ አንድ ድምፅ ምረጪ። በጣም ቀንሰሽ አሰሚውና ወዲያው በሩ አጠገብ ቁራሽ ሥጋ ስጪው። ሳይደነግጥ ከበላ ብቻ በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ከፍ አድርጊው። ገመዱ ሁሌ በሩ ላይ ይንጠልጠል። አንቺም ሳትጮኺ ገመዱን አንስተሽ ማሰር ተለማመጂ፣ ከቡቺ ልምምድ ይልቅ የሚከብደው ያንቺው ነው።

ጋሽ ምክሩ፦ ግቢ ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ቅመም፦ ጋሼ፣ ግቢውን ይስጡንና እናስገባው።

ቬት ከቢሾፍቱ፦ የቡቺ እናት፣ ደምቷል ወይስ አልደማም? መልሺ እንጂ።