ሃያ አዳራሽ ብቻ፦ «ጊዜን የዘለለችው ልጅ» ተበደለች ወይስ ተጠቀመች?

ሄኖክ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የዚህ ሳምንት ርዕስ የማቅረቡ ተራ የኔ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) «ጊዜን የዘለለችው ልጅ» የጃፓን አኒሜሽን ፊልም ነው፤ ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ማኮቶ የምትባል የቶኪዮ ተማሪ ቁልቁለት ላይ የብስክሌቷ ፍሬን እምቢ ይላትና ባቡር ማቋረጫው ላይ ትወረወራለች። አለቀላት ስንል ከጥቂት ደቂቃ በፊት የነበረችበት ቦታ ወድቃ ትገኛለች። ከዚያ በኋላ ሮጣ ከዘለለች ወደ ኋላ መመለስ እንደምትችል ይገባታል። በጃፓንኛ «ቶኪ ዎ ካኬሩ ሾጆ» ይባላል፤ ዳይሬክተሩ ማሞሩ ሆሶዳ፣ የሠራው ስቱዲዮ ማድሃውስ ነው። መነሻው ያሱታካ ጹጹይ በ1967 በመጽሐፍ ያወጣው ልቦለድ ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ ካዙኮ እዚህ የማኮቶ አክስት ሆና ትታያለች።

ጥያቄዬ ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ አወጣጡ ነው። ጁላይ 15 ቀን 2006 ሲወጣ በመላ ጃፓን ያገኘው 20 ገደማ ሲኒማ ቤት ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የታዋቂው አኒሜሽን ሠሪ የስቱዲዮ ጂብሊ ፊልም «ጌዶ ሰንኪ» በየከተማው በሰፊው ወጣና ከ7 ቢሊዮን የን በላይ አስገባ። የኛዋ 300 ሚሊዮን የን ገደማ ላይ ቆመች። በሚቀጥለው ዓመት የጃፓን አካዳሚ ለአኒሜሽን የተለየ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ሁለቱም እጩ ነበሩ፤ የወሰደችው እሷ ናት። ዳኞቹ ያዩትን አከፋፋዩ ቀድሞ ማየት ነበረበት። ፊልሙ ተበድሏል እላለሁ። የምትቃወሙ ግቡ።

ሳምራዊት፦
እኔ እቃወማለሁ። ሄኖክ፣ አንተ የምትፈርደው መጨረሻውን አይተህ ነው። እስቲ 2006 ላይ ቆመህ ሥራው ከመውጣቱ አንድ ወር በፊት አስበው። ሰው የሚጠራ ስም የለህም። ሆሶዳ ጂብሊ ተጠርቶ «የሀውል ተንቀሳቃሽ ቤተ መንግሥት»ን ሊመራ ተመድቦ ሳይሳካለት የወጣ ሰው ነው፤ ያን ፊልም በኋላ ከጂብሊ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሚያዛኪ ራሱ ሠርቶ በ2004 አወጣው። ሆሶዳ በ2005 የሠራው ደግሞ የታዋቂው ተከታታይ የ«ዋን ፒስ» ፊልም ነው፤ እዚያ ሰው የሚመጣው ለሚያውቃቸው ገጸ ባሕርያት እንጂ ለዳይሬክተሩ አይደለም። ታሪኩንም ቢሆን በደንብ የሚያውቁት በ1983 የወጣውን ባለ ተዋናይ ፊልም በወጣትነታቸው ያዩት ናቸው። ለዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ «የእናትህ ዘመን ታሪክ ነው» ብለህ ነው የምትጠራው።

ይህን ይዘህ 300 አዳራሽ ብትገባ በሁለተኛው ሳምንት ጠራርገው ያወርዱሃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በ20 ጀመረ፣ ያየው ላላየው ነገረ፣ ሰዉ በየብሎጉ ጻፈለት፣ አዳራሹ ከ100 በላይ ደረሰ፣ ለወራትም ሳይወርድ ቆየ። ይሄ በየትኛው ሚዛን ነው በደል የሚባለው?

ጋሽ ተፈራ፦
ልጆች፣ ስለ ጃፓን ገበያ የማውቀው የለኝም። ፊልሙንም ያየሁት የልጅ ልጄ አሳይታኝ ነው። ስለ አዳራሽ ግን ልናገር፤ 19 ዓመት አንድ ሲኒማ ቤት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ትኬት ቆራጭ፣ ኋላ ማሽን ክፍል።

ከማሽን ክፍል ቀዳዳ የሚታይህ የሰው ማጅራት ነው። ቅዳሜ ሞልቶ አንዱ ሲስቅ ትከሻው ይነቃነቃል፣ አጠገቡ ያለው ይቀበለዋል፣ ሳቁ ረድፍ ለረድፍ ሲሄድ በዓይንህ ታየዋለህ። ያው ፊልም ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ዐሥራ አንድ ሰው ተበታትኖ ሲያየው ሳቅ የለም። አንዱ ሊስቅ ይልና ዞር ብሎ ያያል፤ ጎኑ ሰው የለም፤ ይተወዋል። ሲወጡ «እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ምንም አይል» ይሉኛል። የቅዳሜዎቹ ግን በር ላይ ቆመው ላልገባው ይተርካሉ። ያ ልጅ በማግሥቱ ሦስት ጓደኛ ይዞ ይመጣል። ይቺ ማኮቶ ዘልላ፣ ተንከባልላ፣ ከዕቃ ጋር ስትላተም የልጅ ልጄ በሳቅ ሞተች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ብቻዬን ባየው እንደዚያ እስቅ ነበር ብዬ አላስብም። ሳምራዊት ልጄ ያለችው ከዚህ ጋር ይገጥምልኛል።

ሄኖክ፦
ጋሽ ተፈራ፣ እርስዎ ከነገሩን በኋላ ፊልሙን ደግሜ ማየት አሰኘኝ። ግን ልብ ይበሉልኝ፤ የመሰከሩት ለሞላ አዳራሽ ነው። የሞላ አዳራሽ ስልሳም ሊሆን ይችላል፣ መቶም። ቁጥሩን 20 ላይ የቆረጠው ሰው አዳራሹ እንዲሞላ አስቦ ነው ወይስ ፊልሙን ስላላመነበት? እኔ የምከሰው ይህን አለማመን ነው።

ሳምሪ፣ እንቁላሉ በእግሩ ሄደ የምንለው የሄደውን ስላየነው ነው። መንገድ ላይ የተሰበረውን ማን ቆጠረው? በጥቂት አዳራሽ ወጥተው ማንም ሳይሰማቸው የወረዱትን ፊልሞች ስማቸውን ስለማናውቅ ክርክር ላይ አናመጣቸውም። አንዱ ተርፎ ሲመጣ ግን «አያችሁ፣ መንገዱ ትክክል ነበር» እንላለን።

ደግሞ ያላየውን ሰው አስቢልኝ። ታሪኩ ጁላይ 13 ላይ ነው የሚጀምረው፤ ፊልሙ የወጣው ጁላይ 15። ፈተና ጨርሶ የዕረፍት ደጃፍ ላይ የቆመ ተማሪ ስለ ራሱ ሳምንት የተሠራ ፊልም ነበረው። ከትልልቆቹ ከተሞች ርቆ የሚኖረው ግን አንድም ወሬው እስኪሰፋ ጠብቋል፣ አንድም ጭራሽ አልደረሰውም። የዐሥራ ሰባት ዓመቱን ጁላይ ደግሞ አንዴ ነው የሚያገኘው። ይሄ ፊልም የሚለውም ይህንኑ አይደል?

ቤቴል (ሜሪላንድ)፦
አሜሪካ የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ 2008 ላይ፣ ያውም በጣት በሚቆጠሩ ሲኒማ ቤቶች። እኔ ብዙ ቆይቼ በዲቪዲ ነው ያየሁት። ከልጄ ጋር ሳየው ማኮቶ ያን የሚያህል ኃይል አግኝታ እህቷ የበላችባትን ፑዲንግ ለመብላት ስትመለስ፣ የካራኦኬ ሰዓቷን ደጋግማ ስታራዝም «እማዬ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው» አለችኝ። ከዚያ ስንት ዝላይ እንደቀራት የሚያሳየው ክንዷ ላይ ያለው ቁጥር እያነሰ ሲሄድ ልጄ ዝም አለች። ለሰፊ አዳራሽ ሲባል መርከብ የሚሰምጥበት፣ ከተማ የሚፈርስበት ፊልም አድርገውት ቢሆንስ? ማንም ትልቅ ገንዘብ ስላላፈሰሰበት ፑዲንጉ ተረፈ ብዬ አስባለሁ። እኔ ከሳምራዊት ጋር ነኝ።

ብሩክ፦
እኔ የምተዳደረው በመሳል ስለሆነ በሌላ በር ልግባ። ፊልሙን እንደገና ስታዩት የሰዎቹን ፊት ተመልከቱ። ጥላ የላቸውም። አብዛኛው የጃፓን አኒሜሽን አገጭ ሥር፣ አንገት ላይ፣ የልብስ እጥፋት ላይ ጠቆር ያለ ቀለም ይጨምራል። ሆሶዳ ትቶታል፤ ሰው በአንድ መስመርና በአንድ ወጥ ቀለም ነው የሚቆመው። ከጀርባው ያለው ሰማይና የትምህርት ቤት ግቢ ግን በኒዞ ያማሞቶ መሪነት ቅጠል በቅጠል፣ ደመና በደመና የተቀባ ነው። ጠፍጣፋ ልጅ ጥልቅ ዓለም ውስጥ ትሮጣለች።

ጥላ መተው ስንፍና አይደለም። እያንዳንዱ ጥላ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር፣ አንድ ተጨማሪ ቀለም ነው። እሱን ስትተው ድካምህ ወደ እንቅስቃሴ ይዞራል። መጨረሻ አካባቢ ማኮቶ ወደ ጎን የምትሮጥበትን አስታውሱ። ካሜራው አብሯት እየሄደ ትደክምና ከፍሬሙ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ባዶውን መንገድ እናያለን። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ተመልሳ ትደርስበታለች። ያን ሩጫ አንድ ሰው በእጁ ስሏል፤ ጉልበቱ፣ ክንዱ፣ ትንፋሹ ሁሉ አለበት። ስንት አዳራሽ እንደሚታይ እያሰበ የሳለው አይመስለኝም።

አሁን ጥያቄዬ፦ «ተበደለ» ስትሉ ማንን ነው? ጃፓን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ፊልም የሚሠራው ገንዘብ አዋጥተው ኮሚቴ በሚያቋቁሙ ድርጅቶች ነው፤ መጽሐፍ አሳታሚ፣ ቴሌቪዥን፣ አከፋፋይ። ትርፉም እንደየመዋጮው ለነሱ ነው። ስቱዲዮው ካላዋጣ የሠራበትን ዋጋ ተቀብሎ ይወጣል። በሁለት ዋና ሥዕሎች መካከል ያለውን የሚሞላው ወጣት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲከፈለው የኖረው በሥዕል ቁጥር ነው፤ በአንድ ሥዕል 200 የን ገደማ ሲባል ኖሯል። ፊልሙ 20 አዳራሽም ታየ 300፣ ለሱ ያችው 200 የን ናት።

ሳምራዊት፦
ብሩክ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ክርክሩን ግን አይዘጋውም። ዳይሬክተሩ ነጻ ሆኖ የሚቀጥለውን የሚሠራበት መንገድም የሠራተኛው ጉዳይ ነው።

ሄኖክ ስለ ተሰበረው እንቁላል ያልከው በልቤ ገብቷል፤ ትክክል ነህ፣ ሁሉም አይተርፍም። ግን የዚህችን ፊልም ዱካ ልቁጠርልህ። ከሷ በኋላ የሆሶዳ «ሰመር ዎርስ» በ2009 ወጥቶ 1.6 ቢሊዮን የን ገደማ አስገባ። በ2011 ከፕሮዲውሰሩ ዩይቺሮ ሳይቶ ጋር የራሱን ስቱዲዮ፣ ቺዙን፣ አቋቋመ። «የተኩላ ልጆች» በ2012 ከ4 ቢሊዮን አለፈ፤ የ2015ቱ «ልጁና አውሬው» ከ5.8 ቢሊዮን። ይሄን ደረጃ ያቆመው ያ 20 አዳራሽ ነው። በሰፊው ወጥታ ወንበር ባዶ ሆኖ ቢሆን ኖሮ የሚጻፈው «ሆሶዳ ሁለተኛ ጊዜ ከሸፈ» ነበር። ከጂብሊ ለወጣ ሰው ሁለተኛ ክሽፈት ቀልድ አይደለም።

ሄኖክ፦
ቁጥሮቹን እቀበላለሁ። ሆሶዳ ተጠቅሟል። እኔ ግን የጠየቅሁት ስለ ፊልሙ ነው። «የሚቀጥለው ሥራው በሰፊው ይታያል» የሚለው መጽናኛ ለዚህኛው አይሠራም፤ በልጅነት ለተነፈገ ልጅ «ታናሽህን እናስተምርልሃለን» እንደማለት ነው።

2016ን ደግሞ ተመልከቱ። በኦገስት የማኮቶ ሺንካይ «ስምህ ማነው» በመላ አገሪቱ በሰፊው ወጣ፤ እሱም ጊዜ የተዛነፈበት የሁለት ወጣቶች ታሪክ ነው። እስከዚያ ድረስ ሺንካይ የሚታወቀው በጠባብ ክበብ ነበር። አከፋፋዩ ደፍሮ ገባ፤ 25 ቢሊዮን የን መጣ። ስም የሌለው በሰፊው አይወጣም የሚለውን ይሄ አላፈረሰውም?

ሳምራዊት፦
በዚያው ዓመት በኖቬምበር የሱናኦ ካታቡቺ «በዚህች የዓለም ጥግ» በ63 ሲኒማ ቤት ወጣ። መነሻ ገንዘቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ያዋጡት ነው፤ ወደ 39 ሚሊዮን የን። ከ2 ቢሊዮን የን በላይ አስገባ፤ ከዓመት ዓመት ሲታይ ቆየ። የተመልካች ወሬ ነው የተሸከመው። ደግሞ ሺንካይ በ2016 አዲስ ሰው አልነበረም፤ ከ2002 ጀምሮ በትንንሽ አዳራሽ ተመልካች ሲሰበስብ ኖሯል። የ25 ቢሊዮኑ ሥር እዚያ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦
ሄኖክ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚያ ዓመት ፊልሙን ለአንተ ቢሰጡህ ስንት አዳራሽ ትለው ነበር? ቁጥር ንገረኝ።

ሄኖክ፦
ጋሽዬ፣ ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። 300 አልልም፤ እርስዎ ስለ ማክሰኞው አዳራሽ የነገሩን ከዚያ መልሶኛል። ስልሳ እላለሁ። ትልልቅ ከተሞች ላይ ሁለት ሁለት፣ በየክፍለ ሀገሩ ደግሞ ቢያንስ አንድ፣ ትንሹን አዳራሽ መርጬ፤ መቶ ወንበር የማይሞላውን። ልጁ ባቡር ተሳፍሮ ሊደርስበት የሚችል ቦታ እንዲሆን ብቻ ነው የምፈልገው። ሰው ከሞላ ወደ ትልቁ ይዛወር።

ጋሽ ተፈራ፦
ትንሹን አዳራሽ ማለትህ ጥሩ ነው። እኛም ጋ ያልታወቀ ፊልም ሲመጣ ትልቁን ሳንከፍት ፎቁን ዘግተን ታቹን ብቻ እንሸጥ ነበር። ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል።

ሳምራዊት፦
በስልሳው ላይ አልጣላህም። ብቻ የስልሳ አዳራሽ ቅጂና ፖስተር በ2006 ገንዘብ ነበር፤ ብዙው ሲኒማ ቤት ገና በፊልም ጥቅል ነበር የሚሠራው። አርባው ቢከስር ኪሳራው በማን ላይ ነው የሚወድቀው? እዚህ ላይ እስካሁን አልመለስክልኝም።

ሄኖክ፦
በኮሚቴው ላይ። ሊታገሡት የሚችሉትም እነሱ ናቸው።

ብሩክ፦
ኪሳራውን ኮሚቴው ይታገሥ ካላችሁ ትርፉስ? ከዚያ 300 ሚሊዮን ውስጥ ያቺን ሩጫ ለሳለው ሰው ሊደርሰው ይገባ የነበረው ስንት ነው? ማንም አልነካውም።

ሄኖክ፦
አልነካነውም፤ ከኔ ርዕስም ይሰፋል። ብሩክ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ርዕስ አንተ ውሰደው። ስለ ኮሚቴው አሠራር አንድ ገጽ ጽፈህ አስቀድመህ ላክልን፤ ጋሽ ተፈራም ያኔ ከትኬቱ ላይ ለማን ምን ይደርስ እንደነበር ያጫውቱናል።