ዜና የምትከታተሉት ለምንድነው? ፖለቲካ ወዳችሁ ነው ወይስ መንገድ ተከፈተ ወይ ለማለት?

የፖሊው፦
ሰላም የባህር ዳር ልጆች። የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው አንድ መምህራችን ክፍል ውስጥ "የናንተ ትውልድ ለፖለቲካ ግድ የለውም" አለንና እስካሁን ከነከነኝ። ዶርም ገብተን ስናወራ ከስድስታችን አምስታችን ፖለቲካ አልወድም ነው ያልነው፣ ግን እኮ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሁላችንም ቴሌግራም ላይ ተጥደን ነው የምንገኘው። እኔ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ዜና ነው የማየው፣ የምፈልገው ግን የደብረ ማርቆስ መንገድ ክፍት ነው ወይ የሚለውን ነው፣ እናቴ እዛ ስላለች። ይሄ ለፖለቲካ ፍላጎት አለው ያስብላል? እናንተስ ለምን ትከታተላላችሁ?

ባለባጃጁ፦
ወንድሜ እኔ ከፓፒረስ ቀበሌ 14 ስመላለስ ነው የምውለው፣ ሬዲዮ አይዘጋም። ድሮ ለእንግሊዝ ኳስ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን የተባለ ሰሞን ጎማ ልገዛ ሄድኩ፣ ባለሱቁ ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈውን ዋጋ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ "እሱ የድሮ ነው" አለኝ። ያንን ጣት አልረሳውም። ከዛ በኋላ ብሔራዊ ባንክ ምን አለ ሲባል ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ተሳፋሪውም እንደዛው ነው፣ ወጣቱ ዝም ብሎ ስልኩን ያያል እንጂ ወሬው ስለ ኑሮ ሲሆን ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።

እታለም፦
እኔን ዜና ያስጀመረኝ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ጥር 2015 ውጤት ሲነገር ቤተሰቡ በሙሉ ቲቪ ፊት ተሰብስቦ ነበር፣ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል እናቴ የያዘችው ሲኒ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። እኔም ከወደቁት ነኝ። ስንፍና ነው ብዬ ለወራት ራሴን ስወቅስ ከርሜ በኋላ ግን ያን ያህል ልጅ በአንዴ ሰነፈ እንዴ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ መምህር እንዴት እንደሚመደብ፣ ስንቱ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ እንደሌለው፣ እስካሁን አላቆምኩም። የሚያናድደኝ ቡና ላይ አስተያየት ስሰጥ "አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ" መባሌ ነው። ያገባኛል! የተፈተንኩት እኔ ነኝ።

ሽምብጥ፦
እኔ ቀንሻለሁ፣ ምክንያቴን ልንገራችሁ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተዘግቶብን የከረምን ጊዜ ዜና ማለት ከሰው አፍ የሚሰማ ሆኖ ነበር፣ ኔት ሲመለስ ያመለጠኝን ሁሉ ላካክስ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አሁን ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የማየው። ደግሞ የሚለጠፈውን ሁሉ አትመኑ። አንዴ "አሁን ባህር ዳር" የሚል ፎቶ ደርሶኝ ልቤ ቀጥ አለ፣ እህቴ ከተማ ነበረች፣ ደጋግሜ ሳየው ዋናው ጎዳና ነው የተባለው ላይ አንድ ዘንባባ የለም። የኛን መንገድ ያለ ዘንባባ የት ታውቁታላችሁ? ለላከልኝ ልጅ ደውዬ አስጠፋሁት፣ እሱ ግን ቀድሞ ለሶስት ግሩፕ በትኖታል።

የፖሊው፦
@እታለም ያልሽው ልቤ ውስጥ ገባ፣ ሌላ ጊዜ "ምን አገባሽ" ሲሉሽ የሚደግፍሽ ወንድም አይጥፋ። እኔም ሳስበው በ2013ቱ ምርጫ 17 ዓመቴ ስለነበር መምረጥ አልቻልኩም፣ አባቴ ጣቱ ላይ ቀለም ይዞ ሲመለስ ግን በጣም ነበር የቀናሁት፣ ለማን እንደመረጠ ስጠይቀው "ሚስጥር ነው" ብሎኝ ሳቀ። ግድ የማይሰጠው ልጅ በዛ አይቀናም መሰለኝ፣ ነገ መምህሩን ከክፍል በኋላ ጠብቄ ይሄንኑ እነግረዋለሁ። @ሽምብጥ የዘንባባዋን ነገር ለዶርሜ ልጆች ነግሬያቸዋለሁ። እናቴ አሁን ደወለች፣ መንገዱ ተከፍቷል፣ ቅዳሜ በሶ ይዛልኝ ትመጣለች።