የምግብ ቧንቧ ካንሰር፦ «ስንት ጊዜ አለን?» ለሚል ቤተሰብ የትኛው መለኪያ ይሻላል? (ጥቆማ)

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ነገር ይቀርባል። ጎግል ላይ የሚወጣ አማካይ ቁጥር አለ። የታማሚውን መረጃ ተቀብሎ የመኖር ዕድልን የሚያሰላ ካልኩሌተር አለ። የደም ምርመራ፣ ስካን፣ የሐኪሙ ግምትም አለ። እኩል አይደሉም፤ ስለዚህ ምርጫዬን በግልጽ ልናገር። አቅማችሁን መጀመሪያ የበሽታውን ደረጃ በትክክል በሚያወጣ ምርመራ ላይ አውሉት። ካልኩሌተር ከዚያ በኋላ ይድረስ። የተሳሳተ ደረጃ ከተሰጠው የሚያወጣው ቁጥርም የተሳሳተ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከአማካይ ቁጥር ነው። የአሜሪካ መረጃ እንደሚያሳየው ከምርመራ በኋላ 5 ዓመት የሚደርሱት ከ5 ታማሚዎች 1 ያህል ናቸው። በሽታው ከቧንቧው ሳይወጣ ከተገኘ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ወደ ሩቅ አካል ከተዛመተ ከ100 ሰዎች 5 ወይም 6 ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የሚናገረው ከዓመታት በፊት ስለታከሙ ሰዎች ነው፤ ያኔ ያልነበሩ መድኃኒቶች ዛሬ አሉ። ደግሞም የ50 ዓመቱንና የ85 ዓመቱን አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። ለአንድ ሰው ውሳኔ አልመክረውም።

ወደ ምርመራዎቹ ስንመጣ፣ ሲቲ ስካን መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በሩቅ የተዛመተን በሽታ ለመፈለግ ፔት ሲቲ (ስኳር በብዛት የሚጠቀም ቦታን አብርቶ የሚያሳይ ስካን) ይበልጣል። ሲቲ ያላየውን ስርጭት አግኝቶ የሕክምናውን ዕቅድ ከሥሩ የሚቀይርበት ጊዜ አለ። ድክመቱ፣ ካንሰር ያልሆነ የተቆጣ ወይም የቆሰለ ቦታንም ስለሚያበራ፣ አጠራጣሪ ቦታ ከታየ ናሙና ሳይወሰድ «ተዛምቷል» ማለት አይገባም። ዕጢው ግድግዳውን ምን ያህል ዘልቆ እንደገባና በአጠገቡ ያሉ ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) ተነክተው እንደሆነ ለማየት ደግሞ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባው ካሜራ) ጫፍ የሚገባው አልትራሳውንድ ይሻላል። በዚያው መሣሪያ ከንፍፊቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ይቻላል። ቧንቧው በጣም ከጠበበ ግን መሣሪያው አያልፍም። ከጨረር በኋላም ጠባሳውንና ዕጢውን መለየት ያቅተዋል፤ ያኔ የሚሰጠውን ውጤት በጥንቃቄ ያዙት። ዕጢው ከላይኛው ክፍል ከሆነ የአየር ቧንቧውም በብሮንኮስኮፒ (ወደ አየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ) ይታይ።

ደረጃ ሲነገራችሁ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «በየትኛው ሰንጠረዥ ነው?» ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 8ኛው የቲኤንኤም (ዕጢን፣ ንፍፊትንና ስርጭትን አይቶ ደረጃ የሚሰጥ ሥርዓት) እትም ሦስት ሰንጠረዥ አለው። አንዱ ከሕክምና በፊት በስካንና በኢንዶስኮፒ ለሚሰጥ ደረጃ ነው። ሁለተኛው በቀጥታ ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ሰው፣ ሦስተኛው ኬሞና ጨረር ቀድሞለት ከዚያ ለተቀደደ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ከስድስት አህጉራት የ22,654 ታማሚዎች መረጃ ተሰብስቧል። «ደረጃ 2» የሚለው ቃል በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ዕጣ አያመለክትም። ስኩዌመስና አዴኖካርሲኖማ የሚባሉት ሁለቱ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ዓይነቶችም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰንጠረዦች ለየብቻ ነው የሚመደቡት። የዘመድን ደረጃ ከሌላ ሰው ደረጃ ጋር አነጻጽሮ መደናገጥ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው።

አንድ ወረቀት ብቻ ምረጥ ብባል ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚወጣውን የፓቶሎጂ ሪፖርት (የወጣው አካል በላቦራቶሪ ሲመረመር የሚጻፈውን) እመርጣለሁ። ከሌላው ሁሉ የተሻለ ይናገራል። ሁለት ነገር ፈልጉበት። ካንሰር የተገኘባቸው ንፍፊቶች ስንት ናቸው? ምንም ከሌለ፣ 1 ወይም 2 ከሆነ፣ ከ3 እስከ 6 ከሆነ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በየደረጃው ተስፋው ይለያያል። ከስንት ንፍፊት እንደሆነም ጠይቁ፤ ጥቂት ብቻ ከተመረመሩ «ዜሮ» ማለት ያን ያህል አያስተማምንም። ሁለተኛው፣ የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ ነው ወይ የሚለው ነው። ኬሞና ጨረር ቀድሞ ከሆነ የተረፈው ዕጢ መጠንም ይጨመራል። ክሮስ በተባለው የኔዘርላንድ ጥናት ኬሞና ጨረር ቀድሞላቸው በተቀደዱት ሰዎች 29 በመቶ ላይ ምንም ሕያው ካንሰር አልተገኘም፤ በስኩዌመስ ዓይነት 49 በመቶ ደርሷል። በዚያው ጥናት ኬሞና ጨረር በቀደመላቸው ላይ መካከለኛው የመኖር ጊዜ (ግማሾቹ ያለፉት ጊዜ) 49.4 ወር ነበር፤ ቀዶ ጥገና ብቻ ባገኙት ላይ 24 ወር ነው። የምርመራው ቀን ላይ የተነገራችሁ ቁጥር ከሕክምናው በኋላ እንደገና መሠራት ያለበት ለዚህ ነው።

የሰውዬው አቅም ከዕጢው እኩል ይመዝናል፤ ብዙ ካልኩሌተር ይህን በቂ ቦታ አይሰጠውም። ኢኮግ የሚባለው መለኪያ ዜሮ ሲሆን ሰውየው እንደ ቀድሞው ሙሉ ሥራውን ይሠራል፤ 4 ሲሆን ከአልጋ አይነሳም። ምንም ወጪ የለውም። የክብደት መቀነስም ብዙ ይናገራል። ከደም ምርመራ አልቡሚንንና ሲአርፒን (በደም ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮቲኖች) አንድ ላይ የሚያየው የግላስጎው ነጥብ ርካሽ ነው፤ ለድጋፍ ያህል ጥሩ ነው። ግን እባካችሁ አልቡሚን ዝቅ አለ ብላችሁ እንቁላል በማብላት ብቻ አትታገሉ። ዝቅ የሚለው በአብዛኛው በሽታው ከሚያመጣው የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ነው። ምግብ መስጠቱ ለጉልበትና ሕክምናውን ለመቋቋም ነው፤ ከአመጋገብ ባለሙያ ጋር አድርጉት።

ካልኩሌተር ለሚፈልግ፣ በኔዘርላንድ የካንሰር መዝገብ ላይ የተሠራው ሶርስ የምጠቁመው ነው። የምግብ ቧንቧንና የጨጓራን ካንሰር ይሸፍናል፤ ከሐኪም ጋር ተቀምጦ ሕክምናዎችን ለማነጻጸር የታሰበ ነው። ሌላ ካጋጠማችሁ ከተሠራበት ሆስፒታል ውጭ ባሉ ታማሚዎች ተፈትኗል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ረጅም የሚኖረውን ከአጭር የሚኖረው ምን ያህል እንደሚለይ የሚያሳየው፣ ሲ ኢንዴክስ የሚባለው ውጤቱ 0.5 ከሆነ ሳንቲም ከመወርወር አይሻልም፤ 1 ፍጹም ነው። እሱ ብቻም አይበቃም። ካልኩሌተሩ «60 በመቶ ትኖራላችሁ» ካላቸው ሰዎች በእርግጥ 60 በመቶ ያህሉ ኖረዋል ወይ የሚለውም መታየት አለበት። ይህን የማይገልጽ መተግበሪያ ይቅርባችሁ።

የሐኪሙ ግምት ጠቃሚ ነው፤ ግን ወደ ተስፋ ያደላል። በ2000 በአሜሪካ ለሞት በተቃረቡ ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ትክክል የሆነው ግምት 20 በመቶ ብቻ ነበር፤ 63 በመቶው ከእውነተኛው ጊዜ በላይ ገምቷል። ስለዚህ «ስንት ወር?» ከማለት ይልቅ «ቢከፋ፣ እንደተለመደው ቢሆን፣ ቢቀና?» ብላችሁ ጠይቁ። የተዛመተ ካንሰር ላይ አንዳንድ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። መካከለኛው ጊዜ 12 ወር ከሆነ፣ ከ10 ሰዎች የከፋባቸው አንዱ እስከ 3 ወር ይኖራል። ግማሽ ያህሉ ከ6 እስከ 24 ወር ይኖራሉ። ከቀናቸው አንዱ 36 ወርና ከዚያ በላይ ይቆያል። አንድ ቁጥር ከመያዝ ይህ በጣም ይሻላል። ታማሚው መስማት ካልፈለገ ደግሞ አይነገረው፤ ይህ የራሱ መብት ነው።

ቀዶ ጥገናው ከተሳካ ዳግም መመለስ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። እነሱን ያለፈ ሰው የድሮውን ቁጥር ይዞ መጨነቅ የለበትም፤ አዲስ ግምት ይጠይቅ።

ሕክምናው መዋጥን ለማቅለል ብቻ ከሆነ ግምቱ የበለጠ ያስፈልጋል። በቧንቧው ውስጥ የሚገባው ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) መዋጥን ቶሎ ያቀላል። ከውስጥ የሚሰጠው ጨረር፣ ብራኪቴራፒ፣ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ግን እፎይታው ይበልጥ ይቆያል። ሳምንታት ብቻ ለቀሩት ሰው ስቴንቱ ይሻላል፤ ወራት ለሚጠበቁለት ጨረሩን አንስታችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ለዚህ ውሳኔ ሳምንትን ከወር መለየት ይበቃል፤ ያንን ደግሞ ኢኮግና አንድ ልምድ ያለው ሐኪም ያለ ምንም ካልኩሌተር ይነግሯችኋል።