ብሩክላንድስን የዘጋው ጦርነት ብቻ ነው?

ሽምብጥ፦ ትናንት እዚህ «ጣና ዳር የመኪና እሽቅድምድም ትራክ ይሠራ፤ የእንግሊዙን የእሽቅድምድም ትራክ ብሩክላንድስን ጦርነት ዘጋው እንጂ ሌላ ችግር አልነበረበትም» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ችግር አልነበረበትም? እ.ኤ.አ. በ1907 ሲከፈት ዙሪያው 4.4 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 30 ሜትር ነበር። ኮንክሪቱ የፈሰሰው ግን በቅጡ ባልረጋ ሙሌት ላይ ነው። ሙሌቱ ሲሰምጥ ኮንክሪቱ ተሰነጣጠቀ፤ በየብርዱ ወራት እየተዘጋ ይጠገን ነበር። የዌይ ወንዝ ድልድይ ላይ የወጣው ጉብታ ደግሞ መኪናውን ከነጎማው ከመሬት ያነሳ ነበር።

የጣና ልጅ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። በዚያው ኮንክሪት ላይ እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ጆን ኮብ በ1935 በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ዞሯል። እስከ ኦገስት 1939 ተወዳድረውበታል። ከዚያ ግቢው ለአውሮፕላን ፋብሪካ ዋለ፣ ትራኩ ተቆርጦ መግቢያ ወጣለት፣ ከሰማይ እንዳይታይ ዛፍ ተተከለበት፣ በ1946 ለአውሮፕላን ሠሪው ኩባንያ ለቪከርስ ተሸጠ። ይህ የጦርነት ሥራ ካልሆነ የምን ነው?

ዘጌ፦ ጎረቤቱን ረሳችሁት። ነዋሪው ስለ ጩኸቱ ከስሶ በ1920ዎቹ ሳይለንሰር (የጭስ ማውጫ ድምፅ መቀነሻ) ግዴታ ሆነ። ሌሊት መንዳትም ስለተከለከለ በ1929 የ24 ሰዓቱን ውድድር ለሁለት ቀን ከፈሉት፤ መኪኖቹ ማታ ተቆልፎባቸው አደሩ። እኛ ደግሞ ገዳማት አሉን።

የጣና ልጅ፦ በሳይለንሰር ተፈታ አይደል? ችግር ነበረ፤ አልዘጋውም።

ሽምብጥ፦ «ሌላ ችግር አልነበረበትም» ያለው ማን ነው ታዲያ?

ሮለር፦ ወንድሞቼ፣ ወደ መሬታችን እንምጣ። ባሕር ዳር ዙሪያ ብዙው መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቆርጦ ማውጣት፣ በሰሌክት ማቴሪያል (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) መሙላት፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ፣ ለእያንዳንዱ ድርብ ዴንሲቲ ቴስት (በደንብ መጠቅጠቁን መለካት)። ግራ ቀኙ ላይ ጥልቅ ቦይ ከሌለ ውሃው ከጎን ሰርጎ ሥሩን ያሳብጠዋል። የጭነት መኪና ሹፌር የማያስተውላት የ2 ሴንቲ ሜትር ጉብታ በ200 የሚበረውን ከመስመር ታወጣዋለች።

ግሽ ዓባይ፦ ደንገሉስ? ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 ባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር የሚጠበቅበት ክልል) ብሎ መዝግቦታል። ረግረጉ ከተሞላ ዓሣው የት ይራባል?

የጣና ልጅ፦ ውሃው ዳር ይሁን ያለ የለም! ወጣቱ በዋናው አስፋልት ከሚሽቀዳደም የራሱ ቦታ ይኑረው ነው የምለው።

ሽምብጥ፦ «ጣና ዳር» ብለህ ጽፈሃል፤ ወደ ላይ ወጥተህ አንብበው።

የጣና ልጅ፦ ጣና ዳር ማለት ደንገል ውስጥ ማለት አይደለም። ሮለር፣ መረሬ የሌለበት ከፍ ያለ ቦታ ካወቅህ ንገረን።