ጡት ብቻ ስለማጥባት የምንሠራውን የመመረቂያ ጥናት እንዴት እናጥብበው?

ጥያቄ፦ ከአንዲት የ4ኛ ዓመት የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። አምስት ሆነን የመመረቂያ ጥናታችንን በደቡብ ጎንደር ዞን በሚገኝ አንድ የገጠር ወረዳ እንድንሠራ ተመድበናል። መጀመሪያ ያቀረብነው ርዕስ «ከ2 ዓመት በታች ሕፃናት ያሏቸው እናቶች ስለ ሕፃናት አመጋገብ ያላቸው ዕውቀት፣ አመለካከትና ልምድ» የሚል ነበር፤ አማካሪያችን ግን ርዕሱ ከአቅማችን በላይ ሰፊ መሆኑን ገልጸው፣ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ በማጥባት ላይ ብናተኩር የተሻለ እንደሚሆን መክረውናል። ምክራቸውን ተቀብለን ፕሮፖዛሉን እንደገና መጻፍ ስንጀምር ግን የተቸገርንባቸው ነገሮች አሉ።

በቀደሙት ተማሪዎች ጥናቶች ውስጥ የናሙናው መጠን አብዛኛውን ጊዜ 422 ወይም 423 ሆኖ እናገኘዋለን፤ እኛ በምንሄድባቸው አራት ቀበሌዎች ውስጥ ግን ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች የሆነ ይህን ያህል ሕፃናት መኖራቸውን እንጠራጠራለን። ከዚህ ይበልጥ ያሳሰበን መጠይቁ ነው። ለሙከራ ያነጋገርናቸው እናቶች ሁሉ «ልጅዎን እስከ 6 ወር ምን ይመግባሉ?» ስንላቸው ያለ ማመንታት «የእናት ጡት ብቻ» ብለው መልሰውልናል፤ አንዷ እናት ይህንኑ እየነገሩን ሳለ ግን አማታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ለሕፃኑ በማንኪያ ውሃ ያጠጡት ነበር። ታዲያ መልሱን እንመን ወይስ ያየነውን? በመጨረሻም ማንበብና መጻፍ ከማይችሉ እናቶች ፈቃድ የሚወሰደው እንዴት እንደሆነና የድጋፍ ደብዳቤው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሄድ ብትነግሩን ደስ ይለናል። መረጃ ለመሰብሰብ ያለን ጊዜ በታኅሣሥ ወር ውስጥ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

መልስ፦ ከአንድ የኤፒዲሚዮሎጂ መምህር

ስለ ናሙናው መጠራጠራችሁ ትክክል ነው። 422 የሚባለው ቁጥር የሚመጣው ምጣኔው 50 በመቶ ነው ተብሎ ሲገመት፣ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ስሌቱ 384 ስለሚሰጥና በዚያ ላይ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ስለሚጨመር ነው። 50 በመቶ የሚወሰደው ግን ስለ ጉዳዩ ቀደም ያለ መረጃ በማይኖርበት ጊዜ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ መረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጡት ብቻ የሚጠቡ ከ6 ወር በታች ሕፃናት 59 በመቶ መሆናቸውን ያሳያል። በዚህ ምጣኔ ሲሰላ ናሙናው 372 ይሆናል።

አሁን ቀበሌዎቻችሁን እንመልከት። አንድ ጤና ኬላ የሚያገለግለው ሕዝብ በግምት 5,000 ነው ብንልና በዓመት ከ1,000 ሰው ወደ 32 ልጆች ይወለዳሉ ብንል፣ በአንድ ቀበሌ በዓመት 160 ልጆች ይወለዳሉ፤ ከ6 ወር በታች የሚሆኑት ደግሞ ወደ 80 ናቸው። በአራቱ ቀበሌዎች 320 ማለት ነው። ስለዚህ ከ320 ሕፃናት 372 ናሙና ማውጣት አይቻልም። የሕዝቡ ብዛት ትንሽ ሲሆን የሚደረገውን ማስተካከያ ብታደርጉ 372 ወደ 172 ይወርዳል፤ 10 በመቶ ሲጨመርበት 190 ይሆናል።

የእኔ ምክር ግን ከዚህ ይለያል። አምስት ናችሁ፤ ሦስት ሳምንት አላችሁ። 320 ቤት ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 64 ቤት ነው፤ በቀን አራት ወይም አምስት ቤት ብትሄዱ ሁሉንም ትጨርሳላችሁ። ስለዚህ ስሌቱን በፕሮፖዛሉ ውስጥ አስቀምጡ፤ በተግባር ግን ዕጣ ከማውጣት ይልቅ በአራቱ ቀበሌዎች ያሉትን ሕፃናት በሙሉ ድረሱባቸው። ውጤቱ የሚናገረው ስለ አራቱ ቀበሌዎች እንጂ ስለ ወረዳው ሁሉ እንዳልሆነ ደግሞ በግልጽ ጻፉ።

የሕፃኑን ዕድሜ አትዘንጉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ዳሰሳ ጡት ብቻ የሚጠቡት ከ2 ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት 74 በመቶ፣ ከ2 እስከ 3 ወር ከሆናቸው 64 በመቶ፣ ከ4 እስከ 5 ወር ከሆናቸው ግን 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ ጥናት በአጋጣሚ ብዙ አራሶችን ካካተተ ውጤቱ ያማረ ይመስላል፤ ስለዚህ አጠቃላዩን ምጣኔ ብቻ ሳይሆን በየዕድሜው ከፋፍላችሁ አቅርቡት።

መልስ፦ ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

እኅቴ፣ ያያችሁት ነገር አያስደንቅም። እናቶች «6 ወር ጡት ብቻ» የሚለውን ትምህርት ከእኛ ደጋግመው ስለሰሙት መልሱን በቃላቸው ያውቁታል። እናንተ ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ከእኛ ጋር ወደ ቤታቸው ስትገቡ ደግሞ ፈተና የምትፈትኗቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጋዋኑን ተዉት፤ እኛም ቤቱን አሳይተናችሁ እንመለስ፤ በቃለ መጠይቁ ጊዜ ከአጠገባችሁ ባንቀመጥ ይሻላል።

አጠያየቃችሁንም ለውጡት። «ምን ይመግባሉ?» ከማለት ይልቅ «ትናንት ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ ምን ሰጡት? ከዚያስ? ማታ ሲያለቅስስ?» እያላችሁ ቀኑን ተከትላችሁ ሂዱ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ነገር በስሙ ጥሩ፦ ውሃ፣ የላም ወተት፣ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም የተነከረበት ውሃ፣ ቅቤ፣ ስኳር በውሃ፣ አጥሚት። በእኛ አካባቢ ልጁ እንደተወለደ ጉሮሮው እንዲለሰልስ እየተባለ ቅቤ የሚያልሱ አሉ፤ እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ የሚደፋበትም ቤት አለ። ስለ እነዚህ ለይታችሁ ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም፤ የሚደብቁ ሆነው ሳይሆን ቅቤን እንደ ምግብ ስለማይቆጥሩት ነው።

ስለ ጸበልም ጠይቁ፤ ነገር ግን በአክብሮት ይሁን። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ልጅ ሲታመምም ጸበል ይጠጣል። እናቶቹ ይህን «ውሃ» ብለው አይጠሩትም፤ ስለዚህ «ውሃ ሰጥተውት ያውቃሉ?» ስትሏቸው «የለም» የሚሉት ከልባቸው ነው። ጸበልን ለብቻው መዝግቡትና እንዴት እንደምትቆጥሩት ከአማካሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ። «ለምን ሰጡት?» የሚል ጥያቄ ግን ከአፋችሁ እንዳይወጣ።

ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወቅት በመሆኑ እናቶችን ቤታቸው ማግኘት ያስቸግራችኋል። ጎሕ ሲቀድ ብትሄዱ ወይም ሥራ በማይሠራባቸው የበዓል ቀናት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ ከቅዳሴ በኋላ ብትሄዱ ታገኟቸዋላችሁ። የገበያ ቀን ፈጽሞ አትሂዱ። ጤና ኬላ ላይ በክትባት ቀን ሰብስቦ መጠየቅ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ለክትባት የማይመጡትን ታጣላችሁ፤ ቅቤና ውሃ በብዛት የሚሰጠውም እነሱ ቤት ነው።

መልስ፦ በማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ የሁለተኛ ዲግሪዬን ከሠራሁ አንድ አባል

ከቀደሙት መልሶች ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ጠያቂዋ ካነሣችው ውስጥ ትልቁ ነገር አማትየዋ በማንኪያ ውሃ ማጠጣታቸው ነው፤ እስካሁን ግን ሁላችንም የምንናገረው እናትን ስለመጠየቅ ነው። አራሷ በወለደችበት ቤት ውስጥ ሕፃኑ ምን እንደሚቀምስ የምትወስነው እሷ ብቻ አይደለችም። መጠይቃችሁ 320 እናቶችን ጠይቆ አንዲትም አያት ካልጠየቀ፣ ውሃው ለምን እንደሚሰጥ ሳታውቁ ትመለሳላችሁ።

ስለዚህ በየቀበሌው ሁለት ወይም ሦስት አያቶችንና አማቶችን፣ የሚቻል ከሆነም አንድ የልምድ አዋላጅ በጥልቀት አነጋግሩ። ጥያቄያችሁ ሕፃኑ ስለሚያስፈልገው ነገር ሳይሆን እሳቸው ልጆቻቸውን እንዴት እንዳሳደጉ ይሁን፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ራሳቸው ዘመን ሲጠየቁ በሰፊው ይናገራሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ የተናገሩትንም በራሳቸው አማርኛ ጻፉት፤ ወደ ጤና ቋንቋ አትመልሱት።

ያለፈውን ቀን ብቻ መጠየቅም አይበቃኝም። ትናንት ውሃ ያልጠጣ ሕፃን ከትናንት ወዲያ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል።

ተጨማሪ መልስ፦ ከኤፒዲሚዮሎጂው መምህር

የመጨረሻው ነጥብ ትክክል ነው፤ የ24 ሰዓቱ ጥያቄ ምጣኔውን ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ የታወቀ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያና የአገራችን ዳሰሳዎች በእሱ ስለሚሠሩ፣ ውጤታችሁን ከ59 በመቶው ጋር ለማነጻጸር ያስፈልጋችኋል። ሁለቱንም ጠይቁ፤ መጀመሪያ የትናንቱን፣ ከዚያ «ከተወለደ ጀምሮ አንድም ጊዜ ቢሆን» የሚለውን። በሁለቱ መልሶች መካከል የሚታየው ልዩነት ራሱ ከጥናታችሁ ግኝቶች አንዱ ይሆናል። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት፣ የቫይታሚን ጠብታና ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው ንጥረ ነገር) በትርጉሙ መሠረት ጡት ብቻ ማጥባትን አያፈርሱም፤ ተራ ውሃ ግን ትንሽም ቢሆን ያፈርሳል።

ጥልቅ ቃለ መጠይቁን በተመለከተ፣ ስድስት ያህል ሰው ቢሆን እደግፋለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጽሑፉን ገልብጦ ለመተንተን ጊዜ አይበቃችሁም።

መልስ፦ ከአንድ የመረጃ ትንተና ባለሙያ

ባጭሩ ልናገር። መጠይቁን በስልካችሁ ላይ ኮቦ ቱልቦክስ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ብትሠሩት ያለ ክፍያ፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፤ ማታ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። 320 እናቶችን አግኝታችሁ 41 በመቶ ያህሉ ጡት ብቻ የማያጠቡ ቢሆኑ ወደ 130 ይሆናሉ፤ በሎጂስቲክ ሪግሬሽን (የትኞቹ ምክንያቶች ከውጤቱ ጋር እንደሚያያዙ በሚለየው ስሌት) ለአንድ ተለዋዋጭ ቢያንስ 10 ያህል እንዲህ ያሉ እናቶች ያስፈልጋሉ ከሚለው ልማድ ብንነሣ፣ ሞዴላችሁ ውስጥ ከ12 ወይም ከ13 በላይ ተለዋዋጮችን አታስገቡ። የሕፃኑ ዕድሜ ከእነሱ ውስጥ የግድ ይግባ። ብዙ ተማሪዎች 40 ጥያቄ ጠይቀው ሁሉንም ወደ ሞዴሉ ያስገባሉ፤ የሚወጣው ውጤት ግን ሊታመን አይችልም።

መልስ፦ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ ከምሠራ አንድ አባል

ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። ፕሮፖዛሉ በትምህርት ክፍሉ ከጸደቀ በኋላ ለሥነ ምግባር ገምጋሚው ኮሚቴ ይቀርባል፤ የኮሚቴው ፈቃድ ሲገኝ ዩኒቨርሲቲው ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ወረዳው ደግሞ ለቀበሌዎቹና ለጤና ጣቢያው ይመራላችኋል። አካሄዱ በየተቋሙ ትንሽ ሊለያይ ስለሚችል ትምህርት ክፍላችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከኮሚቴው ፈቃድ በፊት ግን አንዲትም እናት እንዳትጠይቁ። መጠይቁን የምትሞክሩትም ከፈቃዱ በኋላ፣ ከአራቱ ቀበሌዎች ውጭ በሆነ ቦታ ይሁን።

ማንበብ ለማይችሉ እናቶች የፈቃድ ቅጹ በሚገባቸው አማርኛ ይነበብላቸዋል፤ ከአጥኚው ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር በተገኘበት በቃል ወይም በጣት አሻራ ይስማማሉ። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግራችሁ የትኛው እንደሚሆን ወስኑ፤ አሻራ ሲባሉ የሚሠጉ እናቶች ስላሉ እኔ በቃል የሚሰጠውን እመርጣለሁ። የቀበሌ ሊቀ መንበር ፈቃድም ሆነ የባል ፈቃድ የእናቲቱን ፈቃድ አይተካም። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ እናቶች ሊያጋጥሟችሁ ስለሚችሉ፣ በእነሱ ጉዳይ ምን እንደምታደርጉ በፕሮፖዛሉ ውስጥ አስቀድማችሁ ጻፉ። በቃለ መጠይቁ መካከል ውሃ ሲሰጥ ብታዩ አታቋርጡ፣ አትገሥጹ፤ ጥያቄው ካለቀ በኋላ ግን እናቲቱንም አማቲቱንም በአንድነት አስቀምጣችሁ በትሕትና ምከሩ። የታመመ ወይም የከሳ ሕፃን ካያችሁ ደግሞ ያኑ ዕለት ለጤና ኬላው አሳውቁ። ይህም በፕሮፖዛላችሁ ላይ ይጻፍ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። ከአማካሪያችን ጋር ተነጋግረን ርዕሱን «በአራት የገጠር ቀበሌዎች ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ጡት ብቻ ማጥባትና በቤት ውስጥ ውሳኔ የአያቶች ድርሻ» ብለነዋል። የሁሉንም ሕፃናት ቤት ለመድረስ፣ ስድስት አያቶችንም በጥልቀት ለማነጋገር ተስማምተናል። የሙከራ ጥያቄውንም ፈቃዱ ሲወጣ በአዲስ መልክ በሌላ ቀበሌ እንሠራዋለን። አንድ የቀረን ነገር የሕፃኑን ዕድሜ በትክክል ማወቅ ነው፤ ብዙ እናቶች የተወለደበትን ቀን በቁጥር አይነግሩንም።

መልስ፦ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ

መጀመሪያ የክትባት ካርዱን እዩ፤ የተወለደበት ቀን ካልተጻፈበት የመጀመሪያውን የፔንታ ክትባት ቀን ተመልከቱ፤ የሚሰጠው በ6 ሳምንቱ ነው፤ ዘግይተው የሚመጡ ስላሉ ግን በእሱ ብቻ አትርጉ። ካርድ ከሌለ የክርስትናውን ቀን ጠይቁ፤ ያንን የሚረሳ የለም፤ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን ቀንሱለት። ክርስትና ያልተነሣ ከሆነ ወይም ቤቱ የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ በአቅራቢያው ካለፈ በዓል፣ ከመስቀል ወይም ከመውሊድ፣ በፊት ነው በኋላ እያላችሁ ድረሱበት። የቤተሰብ ማኅደሩ ጤና ኬላ ውስጥ አለ፤ ከወረዳው ደብዳቤውን ይዛችሁ ስትመጡ ከመዝገቡ ጋር እናስተያየዋለን። ቀኑን በእኛው አቆጣጠር መዝግቡት፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የምትቀይሩት ኮምፒውተር ላይ ስታስገቡ ይሁን፤ በመስክ ላይ እየቀየሩ መጻፍ ብዙ ስሕተት ያመጣል።