ሁለታችንም ጥንድ አስ ይዘን እሱ ለምን በላ?

አዲስ ተጫዋች፦ ሰላም፣ ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን የፖከር ጨዋታ ገና እየለመድኩ ነው። በእጄ አስና 7፣ በተጋጣሚዬ እጅ አስና ኩዊን ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስ፣ ኪንግ፣ 9፣ 4፣ 2 ወጣ፤ ፍላሽ (አምስት ባለ አንድ ምልክት ካርታ) የሠራ የለም። ፖቱን (መሃል የተከማቸውን ገንዘብ) በሙሉ እሱ በላ። ለምን? ደግሞ ፍሎፑ (ጠረጴዛው ላይ የሚወጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች) ላይ ከእጄ ጋር አራት ልብ ኖሮኝ አምስተኛውን ስጠብቅ፣ ካስያዙብኝ ኮል የምለው (ያስያዙትን ያህል ከፍዬ የምቀጥለው) መቼ ነው?

ባለ ቺፕ፦ የሚወዳደረው ጥንዱ ብቻ አይደለም፤ ከሰባቱ ካርታ የሚወጣው ምርጥ አምስት ነው። ያንተ አስ፣ አስ፣ ኪንግ፣ 9፣ 7፤ የእሱ አስ፣ አስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ 9። አራተኛው ላይ ኩዊን 9ን በለጠች፣ አለቀ። ጠረጴዛው ላይ አስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ 9፣ 2 ወጥቶ እሱ የያዘው አስና 5 ቢሆን ግን ትካፈሉ ነበር፤ 7ህ አምስቱ ውስጥ አትገባም።

ሦስተኛ ወንበር፦ እኩል ሲሆን የካርታው ምልክት አይለይም? ልብ ከሌላው አይበልጥም?

ባለ ቺፕ፦ በሆልደም አይበልጥም። እኩል ከሆነ መካፈል ነው።

ሒሳብ ወዳድ፦ ስለ ልቡ ልመልስ። ያላየሃቸው 47 ካርታዎች ናቸው፤ 9ኙ ልብ ናቸው። ቀጣዩ ካርታ ልብ የመሆን ዕድሉ 19 በመቶ ገደማ ነው፤ እስከ ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው ካርታ) ሁለቱንም ካየህ 35። ፖቱ 100 ሆኖ 50 ካስያዘብህ፣ 150 ለመብላት 50 ትከፍላለህ፤ ከ200ው ሩቡ ያንተ ስለሆነ ቢያንስ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልግሃል። ያለውን ሁሉ አስይዞ ከሆነ ዳግም የሚያስከፍልህ የለም፣ ሁለቱንም ካርታ ታያለህ፤ ኮል በል። ቺፕ ከተረፈው ግን ተርን (አራተኛው ካርታ) ላይ እንደገና ሊያስይዝብህ ይችላል። በ50ው የገዛኸው አንድ ካርታ ብቻ ነው፤ 19 ደግሞ አይበቃም። ጀማሪ ቺፑን የሚጨርሰው እዚህ ጋ ነው፦ በ35 አስልቶ በ19 ይከፍላል።

አዲስ ተጫዋች፦ ልቡ ቢመጣ ከዚያ በኋላ ብዙ ላስከፍለው አልችልም?

ሒሳብ ወዳድ፦ ትችላለህ፤ ሁለታችሁም ብዙ ቺፕ ካላችሁ 19ም ሊያዋጣ ይችላል። በተለይ ከእሱ በኋላ የምትናገረው አንተ ከሆንክ፤ ቼክ ሲል (ሳያስይዝ ሲያልፍ) አይተህ ታስይዛለህ። ቀድመህ የምትናገር ከሆነ ግን ቼክ ብትል እሱም ቼክ ሊል ይችላል፤ ብታስይዝ ሦስተኛውን ልብ ጠረጴዛው ላይ አይቶ ካርታውን ይጥላል።

ባለ ቺፕ፦ ጠረጴዛው ላይ ጥንድ ካለም ተጠንቀቅ፤ ፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይ ካርታና አንድ ጥንድ) ፍላሽን ይበላል።