ዴክስትራኔዝ ፕሌት ላይ ይሠራል፣ ፍሎው ሴል ላይ ግን ባዮፊልሙን አይነካውም። ለምን?

ጥያቄ | ናሙና37
ጤና ይስጥልኝ። የጥርስ ባዮፊልም (ባክቴሪያ ከሚሠራው ሙጫ ጋር ጥርስ ላይ የሚጣበቅበት ሽፋን) በዴክስትራኔዝ (ሙጫውን በሚቆርጥ ኢንዛይም) ለማስለቀቅ እየሞከርኩ ነው። ባክቴሪያው ስትሬፕቶኮከስ ሚዩታንስ ዩኤ159፣ ምግቡ ቢኤችአይ የተባለ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ ከ1% ሱክሮዝ (ተራ ስኳር) ጋር (አንድ ላይ አውቶክሌቭ፣ ማለትም የእንፋሎት ማምከኛ፣ የገባ)፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ነው። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ኢንዛይሙን ከባክቴሪያው እኩል ስጨምር የሚጣበቅ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፍሎው ሴሉ (ፈሳሽ ያለማቋረጥ የሚያልፍበት ቻናል) ላይ ግን 24 ሰዓት ያደገ ባዮፊልም ላይ ባሳልፈው ንቅንቅ አይልም። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ኢንዛይም ሳይገባ ተቆራርጦ ይነሳል። ቻናሉ 40 ሚሜ ርዝመት፣ 4 ሚሜ ስፋት፣ 1 ሚሜ ከፍታ አለው፤ ፓምፑ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ይገፋል። ፍሰቱ በዝቶ ይሆን?

መልስ | ግሉካን
ሁለቱ ሙከራዎች አንድ አይደሉም። ፕሌቱ ላይ ባዮፊልሙ እንዳይሠራ ከለከልከው፤ ፍሎው ሴሉ ላይ ደግሞ ኢንዛይሙን ተሠርቶ ያለቀውን አፍርስ እያልከው ነው። ዴክስትራኔዝ የሚቆርጠው በስኳር ሰንሰለቱ ውስጥ ያለውን አልፋ 1፣6 ማያያዣን ብቻ ነው። ጂቲኤፍ-ቢ የተባለው የባክቴሪያው ኢንዛይም የሚሠራው ውሃ የማይፈታው ግሉካን (የባዮፊልሙ ሙጫ) ግን በአብዛኛው አልፋ 1፣3 ስለሆነ ይህን ማያያዣ የሚቆርጠውን ሙታኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይፈልጋል። ሁለቱን ቀላቅለህ ሞክር፤ ለየብቻቸውም አሳልፋቸው፣ አለዚያ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

ሱክሮዙን አውቶክሌቭ አታድርገው። ሙቀቱ ከፊሉን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰብረዋል፤ ጂቲኤፎቹ (ጂቲኤፍ-ቢና መሰሎቹ) ደግሞ ከነዚህ ግሉካን መሥራት አይችሉም። 20% አዘጋጅተህ በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አጣራና፣ ምግቡ ከቀዘቀዘ በኋላ ለ1 ሊትር ድምር 50 ሚሊ ሊትር ጨምር።

ፒኤቹንም (የአሲድነት መጠኑን) አትርሳ። ያደገ ባዮፊልም ውስጡ ከ5 በታች ሊወርድ ይችላል። ከኢንዛይሙ በፊት ፒኤቹ 5.5–6 በሆነ በፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ በሚያደርግ ፈሳሽ) እጠበው። ለማነጻጸሪያ በፈር ብቻውን አይበቃም፤ 10 ደቂቃ ፈልቶ ሥራ ያቆመ ኢንዛይምም አሳልፍ።

መልስ | ቀጭን ቱቦ
ባዮፊልሙን የሚገነጥለው የፍሰቱ ኃይል አይመስለኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን የሽር ጫና (ፈሳሹ ግድግዳውን እየታከከ የሚጎትትበትን ኃይል) ለማስላት፦ 6 × ቪስኮሲቲ (የፈሳሹ ውፍረት) × ፍሰት ÷ (ስፋት × ከፍታ በካሬ)። 37 ዲግሪ ላይ ቪስኮሲቲውን 0.0007 ፓስካል-ሰከንድ ብንወስድ 0.0175 ፓስካል ይመጣል፤ ኢምንት ነው። እኔ የምጠረጥረው የአየር አረፋ ነው። አረፋ ሲያልፍ ጠርዙ ላይ ያለው የገጽታ ውጥረት ባዮፊልሙን ልጦ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ምግብ ሴሉ ውስጥ ሲሞቅ የሟሟውን አየር ይለቃል፣ የሲሊኮን ቱቦም በግድግዳው አየር ያስገባል። ስለዚህ ምግቡን አስቀድመህ 37 አድርሰው፣ ቱቦውን አሳጥር፣ ከሴሉ በፊት የአረፋ ማጥመጃ አስገባ፣ የሴሉ መውጫ ከመግቢያው ከፍ ይበል። ወደ ኢንዛይም ስትቀይር ቱቦ አትንቀል፤ ቀድሞ የተሞላ ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ ተጠቀም።

ሌላው፣ የቻናልህ ይዘት 160 ማይክሮ ሊትር ነው። በዚህ ፍጥነት ኢንዛይሙ ሴሉ ውስጥ የሚቆየው 10 ሰከንድ አይሞላም። 5 ሚሊ ሊትር አዘጋጅተህ ለ30 ደቂቃ እያዞርክ አሳልፈው።

መልስ | የአፍ ሕክምና
በጫናው ስሌት እስማማለሁ፣ ፍሰቱ ግን በዝቷል፤ በሌላ ምክንያት። በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር የሚባለው ሲታኘክ የሚመነጨው የመላው አፍ ምራቅ ነው፤ ብዙ ሰው እሱን ቁጥር እንዳለ ፓምፑ ላይ ያስገባዋል። ጥርስ ላይ የሚንሸራተተው ስስ የምራቅ ሽፋን ግን በደቂቃ ከ0.8 እስከ 8 ሚሜ ነው የሚጓዘው፤ ቀርፋፋው በላይኛው የፊት ጥርሶች የከንፈር በኩል ነው። የአንተ 250 ሚሜ ይሄዳል። ለዚህ ቻናል የሚስማማው በደቂቃ ከ3.2 እስከ 32 ማይክሮ ሊትር ነው። ያኔ አሲዱ ታጥቦ ሳይሄድ ይጠራቀማል፣ ባዮፊልሙም አፍ ውስጥ ያለውን ይመስላል።

30 ደቂቃ ማዞሩ ኢንዛይሙ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ጥሩ ነው። ለአፍ መጉመጥመጫ ታስቦ ከሆነ ግን ያንን ውጤት አትጥቀስ፤ መጉመጥመጫ አፍ ውስጥ የሚቆየው 30 ሰከንድ፣ ቢበዛ 1 ደቂቃ ነው።

ጥያቄ | ናሙና37
አመሰግናለሁ፣ ሱክሮዙን አላሰብኩትም ነበር። ልኬቱንስ? እስካሁን ክሪስታል ቫዮሌት የተባለውን ቀለም ነው የምጠቀመው።

መልስ | ግሉካን
ክሪስታል ቫዮሌት የባክቴሪያውን ሴልም ግሉካኑንም አብሮ ያቀልማል፤ ግሉካኑ ተፈትቶ ባክቴሪያው ቢቀር ልዩነቱ አይታይህም። እየዞረ ካለው ፈሳሽ በየ5 ደቂቃው ትንሽ ቅዳና በዲኤንኤስ (ስኳር ሲያገኝ ቀለሙን በሚቀይር መመርመሪያ) 540 ናኖሜትር ላይ የተለቀቀውን ስኳር ለካ። ቢኤችአይ ራሱ 0.2% ግሉኮስ ስላለው፣ ከፍሎው ሴሉ የሚወጣው የእጥበት በፈር ከንጹሕ በፈር እኩል እስኪነበብ ድረስ ኢንዛይም አታስገባ።